ከጣሪያ ወደ መተላለፊያ፦ በአንድ የስርጭት መጋዘን የገመድ አልባ ኔትወርክ ዳግም ዝርጋታ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የሚያጠናው መጋዘን የታሸጉ መጠጦችን፣ ፈሳሽ ሳሙናዎችን፣ የወረቀት ውጤቶችንና ደረቅ ምግቦችን ከአምራቾች ተረክቦ ለቸርቻሪዎች የሚያከፋፍል ነው። ጣሪያው ወደ 13 ሜትር ይጠጋል፤ የብረት መደርደሪያዎቹ እስከ 11 ሜትር ከፍታ ይደርሳሉ፤ በመካከላቸው ያሉት መተላለፊያዎች ረጃጅምና አንድ ፎርክሊፍት ብቻ የሚያስኬዱ ጠባቦች ናቸው። በሕንፃው አንድ ጫፍ የቀዘቀዙ ምግቦች የሚቀመጡበት፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ክፍል አለ።

የመጋዘኑ ሥራ በሙሉ በገመድ አልባ ኔትወርኩ ላይ የቆመ ነው። ዕቃ የሚለቅመው ሠራተኛ ቀጥሎ ወደ የትኛው መደርደሪያ እንደሚሄድ የሚያውቀው በእጁ ከያዘው ስካነር ነው፤ ባርኮዱን ሲያነብ መረጃው ወደ መጋዘን አስተዳደር ሶፍትዌሩ ይላካል፤ ሰርቨሩ ካልመለሰለት ካለበት መነቃነቅ አይችልም። በየንባቡ የሚላከው መረጃ እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ባይት አይበልጥም። ስለዚህ እንዲህ ላለው ቦታ ኔትወርክ ሲታቀድ ዋናው ጥያቄ ፍጥነት አይደለም። ተንቀሳቃሹ መሣሪያ በሄደበት ሁሉ ግንኙነቱ ለአፍታም ሳይቋረጥ አብሮት መዝለቁ ነው። ይህን ልዩነት በቅድሚያ የማነሣው፣ በመጋዘኑ የደረሰው ችግር በአብዛኛው ከዚህ ጥያቄ መዘንጋት የመነጨ ስለነበር ነው።

የችግሩ አመጣጥ

መጋዘኑ ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት ኔትወርኩ ቅሬታ አልነበረበትም። በዚያን ጊዜ መደርደሪያዎቹ ገና በከፊል ብቻ ተሞልተው ነበር። ክምችቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ስካነሮች በመተላለፊያዎቹ መካከል መቋረጥ ጀመሩ። የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር ቀጣይ ግንኙነት የሚፈልግ በመሆኑ፣ መስመሩ ሲበጠስ ሠራተኛው እንደገና ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ፣ የጀመረውን ትእዛዝ ፈልጎ መቀጠል ነበረበት። ብዙዎቹ ሠራተኞች ባርኮዱን ካነበቡ በኋላ ስካነሩን ወደ ላይ ማንሣትን፣ ወይም እስከ መተላለፊያው ጫፍ ሄደው መመለስን ለምደው ነበር።

የመጋዘኑ አስተዳደር የወሰደው እርምጃ ማንም በቅን ልቦና ሊወስደው የሚችለው ነው፤ ሲግናሉ ደክሟል ተብሎ ተጨማሪ አክሰስ ፖይንቶች (የዋይፋይ ሲግናል የሚያሠራጩ መሣሪያዎች) በጣሪያው ላይ ተሰቀሉ፣ የሁሉም የማስተላለፊያ ኃይልም እስከ መጨረሻው ከፍ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በስካነሮቹ ማያ ላይ የሲግናል ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታይ ጀመር፤ መቋረጡ ግን ባሰበት። ቡድናችን ጉዳዩን እንዲመረምር የተጠራው በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ምርመራው

በመጀመሪያ ያደረግነው ከመለኪያ መሣሪያ በፊት ሠራተኞቹን መጠየቅና የሚቆሙባቸውን ቦታዎች በመጋዘኑ ንድፍ ላይ ምልክት ማድረግ ነበር። የተገኘው ሥዕል ግልጽ ነበር፤ ቅሬታው በጭነት ማውረጃ በሮቹ አካባቢ እምብዛም አልነበረም፤ በመጠጥና በፈሳሽ ሳሙና መተላለፊያዎች ውስጥ እንዲሁም በቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ግን እጅግ ብዙ ነበር። ይህ ሥርጭት ብቻውን መንስኤውን ወደ ማወቅ ግማሹን መንገድ ወሰደን፤ ውኃ የሬዲዮ ሞገድን ክፉኛ ይመጥጣልና። በፓሌት የተደረደሩ የውኃና የመጠጥ ጠርሙሶች እስከ ጣሪያው ሥር ሲቆሙ፣ ለ2.4ም ሆነ ለ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ (ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች ሁለቱ ናቸው) ከግድግዳ የማይተናነስ መከለያ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ንድፍ የተሠራው ግን በኮምፒውተር ላይ፣ መደርደሪያዎቹ ባዶ እንደሆኑ ተቆጥሮ ነበር። ባዶ የብረት መደርደሪያ ሞገዱን ያንጸባርቃል፣ ይበታትናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ለዚህም ነው ኔትወርኩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጤነኛ መስሎ የታየው።

ቀጥሎ የሲግናሉን ጥንካሬ የለካነው ሠራተኞቹ በሚጠቀሙበት ስካነር፣ በእጅ ከፍታ ላይ ሆነን ነው። በላፕቶፕ ወይም በጥሩ መለኪያ አንቴና የሚገኘው ውጤት ስካነሩ ከሚያየው በበርካታ ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) የተሻለ ሊሆን ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ የተሳለ የሽፋን ካርታ ሐሰተኛ እርካታ ይሰጣል። ከዚህም በተጨማሪ በማንሻ ወደ ጣሪያው ወጥተን አክሰስ ፖይንቶቹ ባሉበት ከፍታ ለካን። ብዙ የመጋዘን ጥናቶች ይህን ይዘልሉታል፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከተደረጉት መለኪያዎች ሁሉ ትልቁን እውነት የገለጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በወለሉ ላይ በመጠጥ መተላለፊያዎቹ መሐል የሚሰማው ሲግናል ደካማ ሆኖ ሳለ፣ በጣሪያው ሥር ግን እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ከሕንፃው ጫፍ እስከ ጫፍ ያሉትን ሌሎች አክሰስ ፖይንቶች በጥራት ይሰማ ነበር። ምክንያቱ አንቴናዎቹ ናቸው። በሁሉም አቅጣጫ የሚያሠራጭ ተራ አንቴና ሞገዱን የሚልከው በዋናነት ወደ ጎን ሲሆን፣ በቀጥታ ከሥሩ ያለው ቦታ ከሁሉ ያነሰውን ድርሻ ያገኛል። ለዝቅተኛ ጣሪያ ይህ ጥሩ ነው። በ13 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል ግን ጉልበቱ ከመደርደሪያዎቹ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ይባክናል፤ ወደ መተላለፊያው ወለል የሚደርሰው በብረትና በፈሳሽ ተጣርቶ የቀረው ብቻ ነው።

በዋይፋይ አሠራር በአንድ ቻናል፣ ማለትም በሞገዱ ክልል ውስጥ በተከፈለ አንድ መስመር ላይ፣ በአንድ ጊዜ ሊያስተላልፍ የሚችለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አየሩ ነፃ እስኪሆን አዳምጠው ይጠብቃሉ። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር በግልጽ የሚተያዩ ብዙ አክሰስ ፖይንቶች ሦስቱን ቻናሎች ሲካፈሉ፣ በአንድ ቻናል ላይ ያሉት ሁሉ ተራ ጠባቂዎች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ተጨማሪ አክሰስ ፖይንት የወረፋውን ርዝመት ጨመረ እንጂ አቅም አልጨመረም።

ወረፋውን ያባባሰው ደግሞ በማንም ዓይን ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር ነበር። ኔትወርኩ ስድስት የተለያዩ ስሞችን ያሠራጭ ነበር፤ ለስካነሮች፣ ለቢሮ፣ ለእንግዶች፣ ለካሜራዎች፣ ለአታሚዎች፣ እንዲሁም ለሙከራ ተከፍቶ ሳይዘጋ የቀረ አንድ ስም። እያንዳንዱ ስም በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ቢከን የሚባል የማስታወቂያ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ የሚላከው በዝቅተኛው የተፈቀደ ፍጥነት ሲሆን፣ በዚህ ኔትወርክ ይህ ፍጥነት 1 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር። ወደ 250 ባይት የሚጠጋ አንድ ቢከን በዚህ ፍጥነት ከ2 ሚሊሰከንድ በላይ አየሩን ይይዛል፤ ስድስት ስም ያለው አንድ አክሰስ ፖይንት ብቻውን የቻናሉን ጊዜ 13 በመቶ ገደማ ለማስታወቂያ ያውለዋል። አራት አክሰስ ፖይንቶች በአንድ ቻናል ላይ ሆነው አንዱ የሌላውን ሲግናል ሲሰማ፣ አንድም ባርኮድ ሳይነበብ ከአየሩ ጊዜ ከግማሽ በላይ ያልቃል።

የማስተላለፊያ ኃይሉን ከፍ ማድረጉም ሌላ ጉዳት ነበረው። በ200 ሚሊዋት የሚያስተላልፍ አክሰስ ፖይንት ሩቅ ይሰማል፤ ከ25 እስከ 50 ሚሊዋት ብቻ ያለው ስካነር ግን የሚሰጠው መልስ ወደ ጣሪያው አይደርስም። በጉባኤ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው ከኋላ ረድፍ ያለ ማጉያ የሚናገረውን መስማት እንደሚቸግረው ያለ ነው። በስካነሩ ማያ ላይ የሚታየው ምልክት የሚለካው ከአክሰስ ፖይንት ወደ ስካነሩ የሚመጣውን ብቻ በመሆኑ፣ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሥራው ሊቆም ይችላል። ከዚህም በላይ ወደ ሌላ አክሰስ ፖይንት መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ስካነሩ ራሱ ነው፤ የሩቁ ሲግናል ጠንካራ መስሎ እስከታየው ድረስ ቅርብ ያለውን ትቶ ከሩቁ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ሲሻገርም በየጊዜው ሙሉውን የማረጋገጫ ሂደት ከሰርቨር ጋር እንደ አዲስ ይፈጽም ስለነበር፣ በእያንዳንዱ ሽግግር የሚፈጠረው መዘግየት ፕሮግራሙ ከሚታገሠው በላይ ይሆን ነበር።

አዲሱ ንድፍ

ንድፉን ከመጀመራችን በፊት መስፈርቱን በጽሑፍ አሰፈርን። በማንኛውም ዕቃ የሚለቀምበት ቦታ፣ በእጅ ከፍታ፣ በስካነሩ ራሱ ሲለካ፣ በ5 ጊጋኸርትዝ ከአንድ አክሰስ ፖይንት ቢያንስ -67 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል) እንዲገኝ፤ ሲግናሉ ከጀርባ ጫጫታው ቢያንስ በ25 ዲሲቤል እንዲበልጥ፤ ለሽግግር የሚሆን ሁለተኛ አክሰስ ፖይንትም ከዚህ ብዙ ሳይርቅ እንዲሰማ። -67 ዲቢኤም ከአንድ ዋት ቢሊዮንኛ እጅ አንድ አምስተኛው ብቻ የሆነ ኃይል ነው፤ ሆኖም ድምፅን ጭምር ያለመቆራረጥ ለማስተላለፍ በሙያው ዘንድ የተለመደ የንድፍ ወለል ነው።

በቡድኑ ውስጥ ረጅም ክርክር ያስነሣው የአንቴናዎቹ አቀማመጥ ነበር። አንደኛው ሐሳብ በጣሪያው ላይ በየመተላለፊያው መሐል ወደ ታች የሚያነጣጥሩ ጠፍጣፋ አንቴናዎችን መስቀል ነበር። ሁለተኛው አክሰስ ፖይንቶቹን ዝቅ አድርጎ በመደርደሪያዎቹ ቋሚዎች ላይ ማሰር ሲሆን፣ ይህ በሲግናል ረገድ ጥሩ ቢሆንም ፎርክሊፍት ሊመታቸው መቻሉና መደርደሪያዎቹ በየጊዜው የሚነሡ መሆናቸው ጎዳው፤ በተጨማሪም የመደርደሪያን ቋሚ ያለ አምራቹ ፈቃድ መብሳት የመሸከም አቅሙን የሚነካ በመሆኑ ሐሳቡን ተውነው። ሦስተኛው በመተላለፊያዎቹ ጫፍ፣ በሕንፃው ግድግዳና ዓምዶች ላይ፣ ወደ መተላለፊያው ውስጥ የሚያዩ አቅጣጫ ያላቸው አንቴናዎችን ማቆም ነበር።

ምርጫውን የወሰነው ሙከራ ነው። አክሰስ ፖይንትና አንቴና በረጅም መቆሚያ ላይ አድርገን፣ በሙሉ የመጠጥ መተላለፊያ ውስጥ በሦስቱም መንገድ ለካን። ከጫፍ የሚያበራው አንቴና በፈሳሽ በተሞሉ መተላለፊያዎች ከሌሎቹ በግልጽ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ በግራና በቀኝ የቆሙት ፓሌቶች ሞገዱን በመተላለፊያው ውስጥ አጥረው ስለሚይዙት፣ በመተላለፊያው ርዝመት ሲግናሉ እኩል ሆኖ ይጓዛል፣ ወደ ጎረቤት መተላለፊያ የሚያልፈውም ጥቂት ነው። ቀድሞ ኔትወርኩን የገደለው ክምችት አሁን የአንዱን አክሰስ ፖይንት ሽፋን ከሌላው የሚለይ ግድግዳ ሆኖ አገለገለ። የወረቀትና የደረቅ ምግብ መተላለፊያዎች መከለያቸው ያነሰ ስለሆነ፣ በእነዚያ ላይ ከጣሪያ ወደ ታች የሚያዩትን ጠፍጣፋ አንቴናዎች መረጥን።

ይሁን እንጂ በግድግዳነት የሚያገለግለው ክምችት የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል። መደርደሪያው ሲራቆት ሞገዱ ወደ ጎረቤት መተላለፊያ ያልፋል፣ በአንድ ቻናል ላይ ያሉትም እንደገና አንዱ የሌላውን ሲግናል ይሰማል። በዚህ ምክንያት ሽፋኑን ያሰላነው መጋዘኑ ሙሉ እንደሆነ ቆጥረን፣ የቻናል ድልድሉን ደግሞ መጋዘኑ ባዶ እንደሆነ ቆጥረን ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሚሠራ ንድፍ በአንዱ የዓመቱ ወቅት መውደቁ አይቀርም። በ5 ጊጋኸርትዝ ብዙ የማይደራረቡ ቻናሎች ስላሉ፣ የቻናሉን ስፋት በ20 ሜጋኸርትዝ ወስነን፣ አንድ ቻናል የሚደገምባቸውን መተላለፊያዎች እርስ በርሳቸው አራራቅን። ሰፊ ቻናል ፍጥነት ይጨምራል፤ ለእኛ የሚያስፈልገው ግን የቻናል ብዛት ነበር። ለራዳር ቅድሚያ ከሚሰጥባቸው ቻናሎች የወሰድነው ጥቂት ብቻ ነው፤ በእነዚህ ላይ አክሰስ ፖይንቱ ከመሥራቱ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ አዳምጦ መጠበቅ ያለበት ከመሆኑም ሌላ፣ ብዙ ስካነሮች በእነርሱ ላይ ጎረቤት አክሰስ ፖይንት ፈልገው ለማግኘት ይዘገያሉ።

የማስተላለፊያ ኃይሉ ወደ ስካነሮቹ አቅም ወርዶ ከ12 እስከ 14 ዲቢኤም (ከ16 እስከ 25 ሚሊዋት ገደማ) ተወሰነ። የኔትወርክ ስሞቹ ወደ ሦስት ተቀነሱ፤ ዝቅተኛው ፍጥነት 12 ሜጋቢት ሆነ፤ 2.4 ጊጋኸርትዝ በአብዛኛው ተዘግቶ፣ ከእርሱ ውጭ በማይሠሩ ጥቂት አሮጌ የፎርክሊፍት ኮምፒውተሮች ምክንያት በተመረጡ ቦታዎች ብቻ ቀረ። ፈጣን ሽግግርን የሚፈቅደውን 802.11አር የተባለ የዋይፋይ መስፈርት ለመክፈት በመጀመሪያ በሁለቱም የስካነር ሞዴሎች ላይ ሞከርነው፤ አንደኛው ሞዴል ሶፍትዌሩ እስኪታደስ ድረስ ጨርሶ መገናኘት አቅቶት ነበር። ይህን በሙከራ ሳያዩ በመላው መጋዘን መክፈት የአንድ ፈረቃ ሥራ ሊያስቆም ይችል ነበር።

ዝርጋታው

የኢተርኔት የመዳብ ገመድ ከስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን ከሚያገናኘው መሣሪያ) እስከ መሣሪያ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከዋናው የኔትወርክ ክፍል ወደ ሩቁ ጫፍ የሚወስደው የገመድ መንገድ፣ መውጣት መውረዱ ሲቆጠር፣ ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ በሁለት ቦታዎች መካከለኛ ካቢኔቶች ተተክለው በፋይበር ከዋናው ክፍል ጋር ተገናኙ። ጎን ለጎን ያሉ አክሰስ ፖይንቶች ከተለያዩ ስዊቾች ገመድ እንዲያገኙ ተደረገ፤ አንድ ስዊች ቢበላሽ ሽፋኑ ይሳሳል እንጂ አንድ ሰፊ ቦታ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም። ስዊቾቹ በወደብ እስከ 30 ዋት በገመዱ ውስጥ የሚያቀርቡ ስለሆኑ በየአክሰስ ፖይንቱ ሥር የኤሌክትሪክ ሶኬት አላስፈለገም። ገመዶቹን በእሳት ማጥፊያ የውኃ ቱቦዎች ላይ ማሰር በጥብቅ ተከለከለ፤ ብዙ ጫኚዎች ቱቦው የተመቸ መንገድ ስለሚመስላቸው ይህን በጽሑፍ ማስፈር ግድ ነው።

ከሁሉ የከበደው ቀዝቃዛው ክፍል ነበር። ግድግዳው በመካከሉ የሙቀት መከላከያ ያለበት ባለ ሁለት ገጽ ብረት በመሆኑ ሞገድ አያሳልፍም፤ ፎርክሊፍቱ ገብቶ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሲግናሉ በቅጽበት ይወድቃል፣ ስካነሩም ቀጣዩን አክሰስ ፖይንት ለመፈለግ ጊዜ አያገኝም። መፍትሔው ከበሩ ውጭና ከበሩ ውስጥ ልክ በመግቢያው ላይ የሚደራረብ ሽፋን መፍጠር ነበር፤ በሩ ሳይዘጋ መሣሪያው የውስጡን አስቀድሞ እንዲሰማ። አክሰስ ፖይንቶቹን ከብርዱ ለማዳን ከክፍሉ ውጭ፣ ከጣሪያው ፓነል በላይ አስቀምጠን አንቴናዎቹን ብቻ ወደ ውስጥ አስገባን። የአንቴናው ገመድ በ5 ጊጋኸርትዝ በየሜትሩ ብዙ ኃይል ስለሚያባክን በተቻለ መጠን አጭር ሆነ፤ ገመዱ ያለፈበት ቀዳዳም እርጥበት ገብቶ በረዶ እንዳይሠራ ከሁለቱም ወገን በጥንቃቄ ተደፈነ።

ዝርጋታው የተከናወነው ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው ሌሊቶች፣ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል እየተወሰደ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አዲሶቹ ሲበሩ አሮጌዎቹ በዚያው ሌሊት እንዲወርዱ አጥብቀን ጠየቅን። አሮጌዎቹ በከፍተኛ ኃይል እያስተላለፉ ቢያድሩ ስካነሮቹ ወደ እነርሱ ይሳቡ ነበር፣ የአዲሱም ንድፍ ውጤት ሊለካ አይችልም ነበር።

ፍተሻና ርክክብ

የመጨረሻው ፍተሻ በሥራ ሰዓት፣ በተሞላ መጋዘን፣ በሠራተኞቹ ስካነሮች ተደረገ። የሽፋን ካርታ ከመሳል ባሻገር፣ ስካነር የያዘ ሰው በእግርና በፎርክሊፍት በተለመደው ፍጥነት እየተጓዘ ያለማቋረጥ ወደ ሰርቨሩ መልእክት እንዲልክ አድርገን፣ በየሽግግሩ የጠፋውን ጊዜ መዘገብን። በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ግንኙነትን የሚበጥስ ሽግግር አልተገኘም፤ በቀዝቃዛው ክፍል በርም ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ አለፈ። የተገኘው አንድ ደካማ ቦታ በጭነት ማውረጃው አጠገብ፣ በአሉሚኒየም የታሸጉ ዕቃዎች ያለ መደርደሪያ ወለሉ ላይ በሚቆለሉበት ስፍራ ነበር፤ የቅርቡን አንቴና አቅጣጫ በማስተካከል ተቃና። አዲሱ ኔትወርክ የሚጠቀምባቸው አክሰስ ፖይንቶች ቁጥር ከመጨረሻው የቀድሞ ቁጥር ያነሰ ነው።

በርክክቡ ሰነድ ውስጥ የአክሰስ ፖይንቶቹ ቦታ፣ የአንቴናዎቹ ዓይነትና የዝንባሌያቸው ልክ፣ የቻናልና የኃይል ሠንጠረዡ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ መለኪያ ሲወሰድ በመተላለፊያው ውስጥ የነበረው የዕቃ ዓይነት ተመዘገበ። የመጨረሻው ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በኋላ ቅሬታ ሲመጣ ግን ንድፉ ይሁን የዕቃው አቀማመጥ የተለወጠው ለመለየት ያለው ብቸኛ መንገድ እርሱ ነው። በዚሁ መሠረት አስተዳደሩ የአንድን መተላለፊያ የዕቃ ዓይነት ከመቀየሩ ወይም መደርደሪያ ከማንሣቱ በፊት የኔትወርክ ባለሙያው እንዲያውቅ የሚያደርግ አሠራር በሥራ መመሪያው ውስጥ አስገባ።

ለኋላ የተላለፈ አንድ ውሳኔ አለ። አስተዳደሩ 6 ጊጋኸርትዝን የሚጠቀሙ አክሰስ ፖይንቶች አሁኑኑ እንዲገዙ ጠይቆ ነበር። እኛ እንዲቆይ መከርን፤ በሥራ ላይ ያሉት ስካነሮች ያንን ሞገድ የማይጠቀሙ ከመሆናቸውም በላይ፣ አሜሪካ ይህን ሞገድ በ2020 ስትከፍት ያወጣችውን ዓይነት ደንብ በሚከተሉ አገሮች በዝቅተኛ ኃይል በቤት ውስጥ የሚሠራ አክሰስ ፖይንት አንቴናው ከአካሉ ጋር የተዋሐደ መሆን አለበት፤ ይህም በመተላለፊያ ጫፍ ላይ የሚቆም አቅጣጫ ያለው የውጭ አንቴና መግጠምን ይከለክላል። የተዘረጉት ገመዶች ካቴጎሪ 6ኤ የተባለው ከፍተኛ ፍጥነት የሚያስተናግድ ደረጃ ስለሆኑ፣ ስካነሮቹ በሚተኩበት ጊዜ ጥያቄው ገመድ ሳይነካ እንደገና ሊታይ ይችላል።